የአያቱ ዝተትና የልጁ የሌሊት ሳል

«ጤና ይስጥልኝ። የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ከባቲ ደሴ ገባን። ልጄ ባቲ ሳለ አልፎ አልፎ ከማሳል በቀር ደህና ነበር፤ ሰሌን ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታም ደጅ ይተኛ ነበር። ደሴ እንደገባን ለብርዱ ብለን የስፖንጅ ፍራሽ ገዛንለት፤ አማቴም ከጉጉፍቱ በበግ ጠጉር የተሠራ ዝተት ላኩለት። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እየተነሣ ያስለዋል፣ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። ሐኪም አስም ነው ብሎ ሁለት ዓይነት የሚነፋ መድኃኒት አዘዘለትና ‹የመኝታውንም ነገር አስቡበት፤ አለርጂ ሊሆን ይችላል› አለን። ባለቤቴ ዝተቱን እንጣለው ይላል። አማቴ ‹ልጁን በርዶት ነው፣ ደርቢለት› ይላሉ። ትራሱ በአሮጌ ልብስ የተሞላ ነው፤ ድመታችንም እግሩ ሥር ነው የምትተኛው። ሲሻለው የሚነፋውን መድኃኒት አቆምለታለሁ፤ ሱስ እንዳይሆንበት እፈራለሁ። ለመሆኑ አስም ከአልጋ ይመጣል? ዝተቱንስ ልጣለው ወይ? የልጁ እናት፣ ከደሴ።»

ውድ እህቴ፣

ባልና ሚስት በአንድ ብርድ ልብስ ምክንያት እየተከራከሩ ሌላ ምክር አይሰማምና ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ዝተቱን አይጣሉት። ቦታውንና አያያዙን መለወጥ ግን ያስፈልጋል፤ ከእሱም በፊት ተራው የትራሱ ነው። በደብዳቤዎ በግማሽ መስመር ያለፉት ያ በአሮጌ ልብስ የተሞላ ትራስ ሙሉ ቤተሰብ ከሚከራከርበት ዝተት ይልቅ አሳስቦኛል።

ሐኪሙ የመኝታውን ነገር አስቡበት ሲል በመጀመሪያ የሚጠረጥረው በዓይን የማይታይ አንድ ትንሽ ተባይ ነው። ባለሙያዎች ‹ደስት ማይት› ይሉታል፤ እኛ እዚህ የአቧራ ተባይ እንበለው። ቁንጫ አይደለም፣ ትኋንም አይደለም፤ አይነክስም፣ ደምም አይመጥም። ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን ሲሆን ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም። የሚመገበው ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት ነው፤ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ ግራም እስከ አንድ ግራም ተኩል የሚደርስ ቅርፊት ስለሚያራግፍ በየትኛውም ቤት፣ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ቀለብ አይቸግረውም። ስለዚህ በዚህ ተባይ ምክንያት ንጽሕናዎን የሚጠረጥር ጎረቤት ካለ አይስሙት። የሚቸግረው ውኃ ነው። አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን እርጥበት ከአየር ላይ ይስባል። በዚህም የተነሣ በደረቅ አየር ውስጥ ለሳምንታት ሲቆይ ደርቆ ይሞታል፣ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ይራባል። ሌሊቱን ሙሉ በላባችንና በትንፋሻችን እያሞቅን የምናርሰው አልጋ እንግዲህ ለእሱ ምግብም መጠጥም የተሰናዳበት ቤት ነው።

የቤት አቧራ አስምን እንደሚቀሰቅስ ሐኪሞች ከረጅም ጊዜ በፊት ያውቁ ነበር። ከአቧራው ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ ይህ ተባይ መሆኑን ያመለከቱት ግን በሆላንድ የላይደን ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1964። በኋላም ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ከተባዩ ሳይሆን ከኩሱ መሆኑ ታወቀ። አንድ ተባይ በቀን እስከ 20 የሚደርሱ የኩስ እንክብሎች ይጥላል። በእያንዳንዷ እንክብል ውስጥ ተባዩ ምግቡን የፈጨበት ኢንዛይም ተርፎ ይገኛል፤ ተመራማሪዎች ‹ዴር ፒ 1› የሚል ስም አውጥተውለታል። እንክብሏ እርጥብ በሆነው የመተንፈሻ አካል ላይ ስታርፍ ወዲያው ትሟሟለች። ኢንዛይሙም የአየር ቧንቧውን የውስጥ ሽፋን አጣብቆ የያዘውን ማያያዣ እያላላ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ሰውነቱ ይህን ነገር እንደ ጠላት የቆጠረበት ልጅ ሲሆን ቧንቧው ያብጣል፣ አክታ ይሞላል፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻም ይጨመደዳል። ሌሊት የሚሰሙት ሲር ሲርታ በዚያ በጠበበ ቧንቧ ውስጥ ተሽሎክሉኮ የሚወጣ አየር ነው።

ትራሱን ከዝተቱ ያስቀደምኩበትን ምክንያት አሁን ልንገርዎ። እነዚህ እንክብሎች ከሌላው ብናኝ ጋር ሲነጻጸሩ ከባድ ናቸው፤ ሰው ሲገላበጥ ወይም ልብስ ሲራገፍ ይነሣሉ፣ በደቂቃዎች ውስጥም ተመልሰው ያርፋሉ። ስለዚህ በክፍሉ አየር ላይ ሲንሳፈፉ ውለው አያድሩም። ልጅዎ የሚስባቸው አፍንጫው ከተቀበረበት ቦታ ነው፤ ያም ትራሱ፣ ቀጥሎም እስከ አገጩ የሚሳበው የልብሱ ጠርዝ ነው። በአንድ ወቅት እኔ ራሴ ለዓመታት የተኛሁበትን ትራስ መስኮት አጠገብ ሆኜ ፈትቼው ነበር። በመስኮቱ በሚገባው የጧት ፀሐይ ውስጥ የተነሣው ብናኝ የወንፊት ዱቄት ይመስል ነበር፤ በውስጡ የነበረው ጥጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ጓል ሆኖ ጠጥሯል፣ ሽታውም የታሸገ ጎተራ ሽታ ነው። ባለቤቴ ‹በዚህ ላይ ነው ጉንጭህን አስደግፈህ የኖርከው?› አለችኝ። ያን ትራስ መልሼ አልሰፋሁትም።

ልጅዎ የሚነሣበትን ሰዓት መጻፍዎም ጠቅሞኛል። አለርጂ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ በመጀመሪያ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመልሶ። ልጁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተኝቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሳሉ ከዚህ ሁለተኛው ጋር ይገጥማል። ሆኖም ይህን ብቻ ይዘን በአልጋው ላይ አንፈርድም፤ ምክንያቱም የሁላችንም የአየር ቧንቧ በተፈጥሮው ሊነጋጋ ሲል፣ በተለይ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ይጠባል፤ የትኛውም አስም፣ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ ሰዓት ይብሳል። ይበልጥ የሚያስጠረጥረኝ የጊዜው አመጣጥ ነው፤ ፍራሹና ዝተቱ መጡ፣ ክረምቱ ገባ፣ ሳሉ ተነሣ። አዲስ ፍራሽ ተባዩ ወዲያው አይሞላውም፤ ለመራባት ወራት ይወስድበታልና ያለፈው ክረምት መሆኑ አይገርምም። ቁርጡን ማወቅ ከፈለጉ በቆዳ ላይ የሚደረግ የአለርጂ ምርመራ አለ፤ በየቦታው ስለማይገኝ ግን እሱን ሲጠብቁ ሥራውን አያዘግዩ።

ባቲና ደሴ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ በአየር ጠባይ ግን ሁለት አገር ነው። ባቲ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ያለ ሞቃት አገር ነው፤ ሰሌኑ ጧት ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ በውስጡ አየር ያልፋል፣ እርጥበትም አይቋጥርም። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ቁልቁል ወርዶባት ልብስ ሦስት ቀን የማይደርቅባት ከተማ ናት። በክረምት ደግሞ መስኮት ይዘጋል፣ ልጅ ይሸፈናል፣ ፍራሹ ሥሩ ይረጥባል። ‹ደጋ ለአስም ይስማማል› የሚል አባባል ምናልባት ሰምተው ይሆናል። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ እውነት ነው፤ ዳቮስ በምትባለው የስዊስ ከተማ፣ 1,560 ሜትር ላይ፣ የአስም ሕሙማን ይላኩ ነበር፣ ይሻላቸውም ነበር፤ እዚያ አየሩ ብርዳማም ደረቅም ስለሆነ ተባዩ አይበረክትም። የእኛ ዓይነቱ፣ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ደጋ ግን እርጥበት አለው። በኮሎምቢያ ቦጎታ፣ 2,600 ሜትር ላይ፣ ተባዩ በቤቶች ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ደጋ መሆናችን ብቻውን አያድነንም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ፀሐያችን ግን ያድነናል፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

‹ብርድ ልብስ እንዴት ሕመም ያመጣል?› ለሚሉት አማትዎ ቡና ላይ ሊነግሯቸው የሚችሉት አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ አገር የሚኖሩ ገበሬዎች ቀድሞ በእሳት ዳር ያለ ብርድ ልብስ ይተኙ ነበር፤ አስምም በአዋቂዎቻቸው ዘንድ እምብዛም አይታወቅም ነበር። ብርድ ልብስ ከገባላቸው በኋላ አስም በአዋቂዎቹ ላይ በአስደንጋጭ ሁኔታ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሄደው ብርድ ልብሶቹን ሲመረምሩ በዚህ ተባይ ተሞልተው አገኟቸው፤ አስም የያዛቸው ሰዎችም በአብዛኛው ለተባዩ አለርጂ ነበራቸው። ብርድ ልብሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እምብዛም ስለማይታጠብና ፀሐይ ስለማያይ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1997 ‹ላንሴት› በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገ ጥናት አስም በከተማው ከገጠሩ እንደሚበዛ አሳይቷል። ቆዳው ለአቧራ ተባይ መቆጣቱ ከአስም ምልክት ጋር ተያይዞ የታየውም በከተማው እንጂ በገጠሩ አይደለም። ያ ማለት ተባዩ ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም ማለት ነው።

አስም ከአልጋ ይመጣል ወይ ላሉት እንግዲህ ቀጥተኛ መልሴ ይህ ነው፦ አስም በዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ ጉንፋን፣ ጭስ፣ ብርድና ሌላም ብዙ ነገር የሚገናኙበት ሕመም ነው፤ አልጋው ሕመሙ ባለበት ልጅ ላይ በየሌሊቱ እሳቱን ከሚቆሰቁሱት አንዱ ነው። ይህን ልዩነት የማጠብቀው በምክንያት ነው። አልጋውን ብቻ አጽድተው መድኃኒቱን የጣሉ ወላጆች አጋጥመውኛልና። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ ከ1,100 በላይ አስም ያለባቸው አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት ተባይ የማያሳልፍ የፍራሽና የትራስ ልባስ ብቻውን ምንም ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል፤ በ2008 ከ50 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማም ወደዚያው ድምዳሜ ደረሰ። ለልጆች ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ለተባዩ አለርጂ ያላቸው 284 ልጆች ተከፍለው ግማሾቹ በልዩ ልባስ፣ ግማሾቹ በተራ ልባስ ለአንድ ዓመት ተኙ፤ ሕመሙ ተነሥቶባቸው ለድንገተኛ ሕክምና ሆስፒታል የሄዱት በልዩው ልባስ ከተኙት 29 በመቶ ያህል፣ በተራው ከተኙት ደግሞ 42 በመቶ ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ይህ ጥናት የመድኃኒት ፍጆታቸው እንደቀነሰ ግን አላሳየም። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ2004፣ በአሜሪካ ከተሞች ከ900 በሚበልጡ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ፍራሹን፣ በረሮውን፣ የሲጋራ ጭሱንና የመሳሰለውን አንድ ላይ ሲይዙት ልጆቹ የሚታመሙባቸው ቀናት እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ይህን ነው፦ ለአንድ ዕቃ ብዙ ገንዘብ አያውጡ፣ በርካታ ርካሽ ነገሮችን ግን አንድ ላይ ያድርጉ።

ወደ ሥራው እንግባ። ትራሱን በመጪው ቅዳሜ፣ ልጁ ቤት በሌለበት ሰዓት፣ ደጅ አውጥተው ይፍቱት። ውስጡ ያለው አሮጌ ልብስ የሚታጠብ ከሆነ ታጥቦ ለሌላ ሥራ ይዋል፤ ወደ ትራስነት ግን አይመለስ። በምትኩ ንጹሕ ነጠላ ወይም ሁለት ሦስት ፎጣ አጣጥፈው በትራስ ጨርቅ ውስጥ ይክተቱለት፤ ያ በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይታጠባል፣ ሌላ ትራስ ግን እንዲህ በየሳምንቱ ለማጠብ አይመችም። የስምንት ዓመት ልጅ ከፍ ያለ ትራስ አያስፈልገውም። አዲስ የሚገዙ ከሆነ ‹የላባ ነው ወይስ የሰው ሠራሽ› በሚለው አይጨነቁ። ብዙ ሰው ላባውን ይፈራል፤ በተደረጉ ልኬቶች ግን በሰው ሠራሽ ነገር የተሞሉ ትራሶች የበለጠ የተባይ ኩስ ይዘው ተገኝተዋል፣ ምክንያቱም የላባው ልባስ ላባው እንዳይሾልክ ተብሎ ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ ነው። ቁም ነገሩ ሽመናው ላይ ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን ይዘርጉት፤ የብርሃን ነጠብጣብ የሚታይበት ከሆነ አይሆንም።

አንሶላውና የትራሱ ጨርቅ በየሳምንቱ ይታጠቡ። ቀዝቃዛ ውኃ ኩሱን ጥሩ አድርጎ ያጥባል፣ ምክንያቱም በውኃ ይሟሟል፤ ተባዩን ግን አይገድልም። ተባዩን የሚገድለው ከ55 እስከ 60 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ነው። ሙቀት መለኪያ የለኝም እንዳይሉኝ፣ በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ በሳፋው ውስጥ ሁለት እጅ የፈላ ውኃ በአንድ እጅ የቧንቧ ውኃ ላይ ቢጨምሩ፣ ጨርቁና ሳፋው የሚወስዱት ተቀንሶ፣ ወደ 60 ዲግሪ ግድም ይመጣል። ጨርቁን ያስገቡበት፣ ክዳን ያድርጉበት፣ ለግማሽ ሰዓት ይተዉት፣ ከዚያ እንደ ልማድዎ ይጠቡት። ልጆችን ከሳፋው ያርቁ። ጋቢም በዚሁ መንገድ ይታጠባል፤ ሁለት ጋቢ ካለ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይለበሳል።

ፍራሹ ሲገዛ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመጣና ላስቲኩ እስካሁን ካልተቀደደ እንዳለ ይተዉት። ከተቀደደም ወፍራም ላስቲክ ገዝተው በስድስቱም ጎን አጥብቀው ያሰፉበት፤ ላስቲኩ እንዳያልበው በላዩ የጥጥ ጨርቅ ደርበው ያንጥፉ። ነገር ግን ላስቲክ በልጅ ትራስ ላይ አይደረግም፤ ስስ ላስቲክ ደግሞ በየትኛውም የልጅ አልጋ ላይ አይደረግም፣ ያፍናል። ፍራሹ መሬት ላይ የሚነጠፍ ከሆነ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከፍ ይበል። አልጋውን ልጁ እንደተነሣ ወዲያው አያንጥፉት፤ ልብሱ ተገልጦ እስከ ረፋድ ይቆይ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ያመጣል አልልም፣ ግን ምንም አያስወጣም።

አሁን ዝተቱ። የበጉ ጠጉር ራሱ ጥፋተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ለጠጉሩ እውነተኛ አለርጂ ያለበት ሰው ጥቂት ነው። ዝተቱ ወፍራም ስለሆነ፣ ስለማይታጠብና ከርሞ ከርሞ ከሣጥን ስለሚወጣ ነው ማደሪያ የሚሆነው። በፈላ ውኃ እንዳያስገቡት፤ ይኮማተርና ምንጣፍ ይሆናል። ጊዜው ግን ተስማምቶልዎታል፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ በመስከረም መጨረሻ ነውና የጥቅምት ፀሐይ ከፊታችን ነው። ደረቅ ቀን መርጠው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሞቀ ድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ላይ ዘርግተው በሁለቱም ገጽ ፀሐይ ያስመቱት፤ በአውስትራሊያ በተደረገ ሙከራ ምንጣፍ በሞቃት ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ ውሎ በውስጡ የነበሩት ተባዮች በሙሉ ሞተዋል። ለወፍራም ዝተት አንድ ቀን ስለማይበቃ ሁለት ሦስት ቀን ይደጋግሙት። ከዚያ በዱላ ይመታ፤ መምታቱ የሚረሳ ሥራ አይደለም፣ ተባዩ ቢሞትም ኩሱና ሬሳው አለርጂውን እንደያዘ ይቀመጣልና። የሚመታው ሰው አፉን በነጠላ ይሸፍን፣ ልጁም ያን ጊዜ ጎረቤት ይሁን። አማትዎ ‹የጉጉፍቱ ውርጭ ሁሉን ይገድላል› ቢሉ ለዚህ አይሠራም፤ ይህ ተባይ በብርድ የሚሞተው ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ላይ ሙሉ ቀን ሲቆይ ነው፣ የእኛ ውርጭ እዚያ አይደርስም።

ፀሐይ የመታውን ዝተት ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው ጥብቅ በሆነ የጥጥ ጨርቅ እንደ ከረጢት ያስለብሱት፣ በአንድ በኩል ዚፕ ይኑረው። በአልጋው ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ከልጁ አካል ጋር አንሶላ፣ ከዚያ የታጠበ ጋቢ፣ ከላይ የለበሰው ዝተት። የዝተቱ ጠርዝ ደረቱ ላይ ይብቃ፤ አገጩ ሥር የሚደርሰው ጋቢው ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ ይታየኛል። አንዳንድ ቤተሰብ ‹አለርጂ ነው› ተብሎ ብርድ ልብስ ሲቀንስ፣ ለብርዱ ብሎ የከሰል ምድጃ ልጁ የሚተኛበት ክፍል ያስገባል። በፍጹም አይሆንም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያድር ከሰል ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ባይገድል እንኳ ጭሱ አስሙን ያባብሳል። ከዚያ ሁሉ ዝተቱ ሳይነካ ቢቀር ይሻላል። ለትኋን ተብሎ አልጋ ላይ የሚረጭ መድኃኒትና የሚቀባ ነጭ ጋዝም እንዲሁ የተቆጣ ሳንባን ያስቆጣሉ። ቡናውን ከነዕጣኑ አቁሙ አልልም፣ ወሎ ውስጥ ይህን የሚል መካሪ ማን ይሰማዋል? ልጁ በሚተኛበት ክፍል አይሁን፣ መስኮትም ይከፈት።

ድመቷ ከልጁ ክፍል ትውጣ። የድመት አለርጂ ከምራቋና ከቆዳዋ የሚመጣ በጣም ደቃቅ ነገር ነው፤ እንደ ተባዩ ኩስ ወዲያው አያርፍም፣ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል፣ በጨርቅም ላይ ይጣበቃል፤ ድመቷ ከሄደች በኋላም ለወራት ይቀራል። ስለዚህ ለውጡን በሳምንት አይጠብቁ። አይጥ እንዳይበዛ ከፈሩ ማዕድ ቤት ትተኛ።

ስለ መድኃኒቱ ሱስ ስላነሡት፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይህ መስመር ነው። ከሁለቱ አንዱ ወዲያው የሚያስተነፍሰው ሳልቡታሞል፣ ሌላው በየቀኑ የሚወሰደው፣ የቧንቧውን እብጠት የሚያጠፋው ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ቤክሎሜታዞን ነው፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሐኪሙ ዘንድ ወይም ፋርማሲ ይጠይቁ። ሁለቱም ሱስ አያስይዙም። በየቀኑ የሚወሰደው የሚሠራው ልጁ ደህና በሚመስልበት ጊዜ ነው፤ ‹ተሻለው› ብለው ሲያቆሙት እብጠቱ በዝምታ ተመልሶ ይመጣል፣ እርስዎ ግን የሚያውቁት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መቀነስ ካስፈለገ ሐኪሙ ይቀንሰው። ከወሰደ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ። የሚነፋው መድኃኒት ምላስ ላይ እንዳይቀር የግማሽ ሊትር ንጹሕ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን የመድኃኒቱ አፍ ልክ እንዲገባበት አድርገው ይቅደዱ፤ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይዝጋ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ይጫኑ፣ እሱ አራት አምስት ጊዜ በዝግታ በጠርሙሱ ውስጥ ይተንፍስ። ይህ ከሱቅ ከሚገዛው መሣሪያ ባልተናነሰ እንደሚሠራ በደቡብ አፍሪካ ተፈትኖ ታይቷል።

ሳልቡታሞሉ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገው፣ ወይም ልጁ አሁን እንደሚያደርገው ሌሊት እየተነሣ ከሆነ፣ አስሙ አልተያዘም ማለት ነውና አልጋው ምንም ያህል ቢጸዳ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። መናገር አቅቶት ቃል በቃል የሚቆራርጥ፣ ጎድኖቹ መሐል ሥጋው ወደ ውስጥ የሚሳብ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ወይም መድኃኒቱን ወስዶ ሕመሙ በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ የሚመለስበት ከሆነ ንጋትን አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ በመንገድም ሳልቡታሞሉን ይስጡት።

አማትዎን በተመለከተ፣ ‹በርዶት ነው› ማለታቸውን ባላዋቂነት አድርገው አይውሰዱት፤ ቀዝቃዛ አየር የአስም ልጅን ቧንቧ በእርግጥ ያጠባል፣ ልጁም ሊሞቀው ይገባል። ስለዚህ ‹ዝተትዎ ልጁን አሳመመው› አይበሏቸው። ልብስ ሰፊው ዘንድ ከመሄድዎ በፊት የልባሱን ጨርቅ እሳቸው እንዲመርጡ ያማክሯቸው፤ ፀሐይ ላይ የሚውለውን ዝተት መምታቱንም፣ ጉልበቱ ካላቸው፣ ለእሳቸው ይተዉት። ጉጉፍቱ ያደጉ ሴት ዝተት እንዴት እንደሚመታ ከእኔም ከእርስዎም ይበልጥ ያውቁበታል።